ማግማው የት ሄደ ብላችሁ ጠይቁልን

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፤

ጋዜጣችሁን ማንበብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጽፌላችሁ ግን አላውቅም። ዛሬ እስክሪብቶ ያስያዘኝ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ስለፈነዳው የአፋር እሳተ ገሞራ፣ ስለ ሃይሊ ጉቢ፣ ያወጣችሁት ዘገባ ነው። ተራራው ከ12 ሺህ ዓመት እንቅልፉ ነቃ ትላላችሁ። እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ ያኔ ሬዲዮውም ፌስቡኩም እንዲሁ ሲል ነበር። እኔ አዳማ የምኖር ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ጋሼ ነገር አያልፉም» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ይህንንም ማለፍ አቃተኝ።

ለመሆኑ እንቅልፉን ማን አየው? 12 ሺህ ዓመት የተባለው የጂኦሎጂ ሰዎች ሆሎሲን የሚሉት ዘመን ነው። ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን ወዲህ ያለውን ጊዜ ነው። ሃይሊ ጉቢ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስለመፈንዳቱ የተመዘገበ ነገር አልነበረም። በቃ፣ የተባለው ይኸው ነው። አልተመዘገበም ማለት አልፈነዳም ማለት አይደለም። በዚያ በረሃ መዝገብ ይዞ የሚጠብቅ ማን ነበር? የአያቴም የልደት ቀን የትም አልተመዘገበም። ተወልዳለች ግን።

ይህ ትንሹ ቅሬታዬ ነው። ትልቁ ስለ እንቅልፍና ስለ መንቃት የምናወራበት መንገድ ነው። አንድ ተራራ፣ አንድ አፍ፣ ከስሩ ቀጥ ብሎ የሚወጣ አንድ ቧንቧ። እኔም ብሆን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደዚያ ስስል ኖሬአለሁ። ሦስት ማዕዘን እስላለሁ፣ ከታች በቀይ ጠመኔ እንቁላል የመሰለ ነገር አደርጋለሁ፣ ሁለቱን በቀጥታ መስመር አገናኛለሁ። ተማሪው ገልብጦ ፈተና ያልፋል። መሬት ውስጥ ያለው ነገር ግን እንደዚያ አይደለም።

ባለፈው ክረምት የሳሎኔ ግድግዳ ረጠበ። ቀለሙ አብጦ መላጥ ጀመረ። ልጄ የቧንቧ ሠራተኛ ጠራች፤ ገና ወጣት ነው። ግድግዳውን ይሰብራል ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወለሉ ላይ ለጠፈ። ከዚያ ተነስቶ ሻወር ቤት ገባና ሴራሚኩን በመዶሻው እጀታ ኳ ኳ አደረገው። «ጋሼ፣ የሚወጣበትና የተሰበረበት ቦታ አይገናኙም» አለኝ። ቆፈረው። የተሰበረው ቧንቧ ከረጠበው ግድግዳ አምስት ሜትር ይርቃል። ውኃው በወለሉ ስር ስንጥቅ ለስንጥቅ ሄዶ ነው ሳሎን የወጣው። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩትን ነገር የገባኝ ያን ቀን ነው ብል አታምኑኝም።

ማግማም፣ ከመሬት በታች ያለው የቀለጠ ዓለት፣ እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ የተዘጋጀለት ቧንቧ የለውም፤ መንገዱን እየሄደ ነው የሚሠራው። የሚጠራቀምበት ቦታ ራሱ ባዶ ዋሻ አይደለም። ለግንባታ የተደፋ እርጥብ አሸዋ አስቡ። ጠጣሩ ይበዛል፣ ፈሳሹ በመሃል በመሃሉ ነው። ፈሳሹ ሲበዛና ግፊቱ ሲያይል ዙሪያውን ያለውን ዓለት ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ጫፉን እየገፋ ይከፍተዋል፣ እንደገና ይገባል። ቅርጹ እንደ ቱቦ ክብ አይደለም። በጠርዙ እንደቆመ ቆርቆሮ ነው። ርዝመቱ አንዳንዴ በአስር ኪሎ ሜትሮች ይቆጠራል፣ ከታች እስከ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ውፍረቱ ግን አንድ ሜትር ወይም ጥቂት ሜትር ነው። ባለሙያዎቹ ዳይክ ይሉታል።

ለምን ወደ ላይ ብቻ አይወጣም? ማግማ ከዙሪያው ዓለት ስለሚቀል ወደ ላይ መውጣቱ አይቀርም። ወደ ላይኛው መሬት ሲጠጋ ግን ዓለቱም የተሰነጣጠቀና ቀላል ይሆናል፤ ሽቅብ የሚገፋው ኃይል ይደክማል። በዚያ ላይ ስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ እየተጎተተ ነው። እንጨት ፈላጭ ይህን ያውቀዋል። ግንድ በመስመሩ ሲመቱት በአንድ ምት ይሰነጠቃል፣ አግድም ሲመቱት ምሳሩን ይመልሳል። ማግማም የሚቀለውን መርጦ በሸለቆው አቅጣጫ ወደ ጎን ይሄዳል።

ይህን ለማየት አይስላንድ መሄድ አያስፈልግም። በ1998 ዓ.ም. መስከረም አፋር ውስጥ ዳባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ መሬት ቀንና ሌሊት ተንቀጠቀጠ። በሦስት ሳምንት ውስጥ መጠናቸው ከ3.9 በላይ የሆነ ከ160 በላይ ርዕደ መሬቶች ተመዘገቡ። መስከረም 16 እኛ ደመራ ስንለኩስ ዳኡሬ በተባለው ቦታ መሬት ተቀደደና አመድ ወጣ። ፍንዳታው ትንሽ ነበር። ሰው ሁሉ ያየው ያንን ነው። ከስር የተደረገው ግን ሌላ ነው። 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ተከፍቶ ወደ ሁለት ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ማግማ ገባበት። 10 ሜትር ኩብ በሚይዝ ቦቴ ብናመላልሰው 200 ሚሊዮን ቦቴ ነው። መሬቱ በሰፊው ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። አፋር ላይ የምድር ቅርፊት የሚለያየው በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ አስሉት፤ የአራት መቶ ዓመት ሥራ በጥቂት ሳምንት አለቀ። ከዚያ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ 13 ሌሎች ዳይኮች ተከተሉ። ላቫ ሆነው ብርሃን ያዩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሌላው እዚያው ቀዝቅዞ ዓለት ሆኖ ቀረ።

አሁን መተሐራ አጠገብ ወዳለው እሳተ ገሞራ፣ ወደ ፈንታሌ ልምጣ፤ ቅሬታዬ የሚያመኝ እዚህ ላይ ነው። እህቴ መተሐራ ናት። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ማታ ማታ እየደወለች «አሁንም ነቀነቀን» ትለኝ ነበር። የእኔም ቡፌ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንኳኩ ነበር። የካቲት ላይ መጠኑ 6 የደረሰ መጣ። ያን ሰሞን ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ይፈነዳል ወይስ አይፈነዳም? ዶፈን በሚባለው ሌላው እሳተ ገሞራ አካባቢ መሬቱ እንፋሎትና ጭቃ ሲተፋ «ፈነዳ» ተባለ። ላቫ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ወሬው ቀዘቀዘ። ሰዉ ከቤቱ ወጥቶ ድንኳን ውስጥ ነው፣ መንገዱ ተሰንጥቋል፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል፤ ዜናው ግን የለም። ምክንያቱም «አልፈነዳም»።

መሬቱን የሰነጠቀው እኮ ማግማው ራሱ ነው! በፈንታሌና በዶፈን መሃል ከስር ዳይክ ሲገባ ሳተላይቶች ለክተውታል። ለመተሐራ ሰው ጉዳቱ ላቫ እስኪመጣ አልጠበቀም። «ሳይፈነዳ ቀረ» ብሎ ፋይሉን መዝጋት፣ ሳሎኑ እስካልጎረፈ ድረስ ቧንቧው ደህና ነው እንደማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣውን ደግሞ እዩት። ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ኤርታ አሌ ፈነዳ። ዘገባችሁ ስለ አመዱና ስለ ጭሱ ነበር። ከስር ግን ማግማው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ፤ መንገዱም በሃይሊ ጉቢ ስር ያልፋል። ይህን ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ነው። ከዚያ ሐምሌ ሳያልቅ ሃይሊ ጉቢ አፍ ላይ ነጭ ጭስ መታየት ጀመረ። አራት ወር ቆይቶ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እሑድ ረፋድ ላይ ፈነዳ። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጣ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ደረሰና በረራ አሰረዘ። አፍዴራ አካባቢ ግጦሹ አመድ ለበሰ። እኛ ደግሞ «ሳይታሰብ» አልን። ቀኑንና ሰዓቱን ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ይህንን እቀበላለሁ። ግን ከስሩ እንግዳ መግባቱ ይታወቅ ነበር።

አንድ አንባቢያችሁ አስተያየት መስጫው ላይ «ኤርታ አሌ ሁልጊዜ ሲፈስ እናየዋለን፣ ይኼኛው ለምን እንደ ቦምብ ፈነዳ?» ብሎ ጠይቆ መልስ የሰጠው የለም። ስለ ሃይሊ ጉቢ በተለይ የሚናገሩት አመዱን የመረመሩት ናቸው። ጠቅላላው ነገር ግን ከማድ ቤት አይርቅም። ማግማ ውስጥ ጋዝ አለ። ከስር ሲታፈን ይሟሟል፤ ወደ ላይ ሲጠጋና ግፊቱ ሲቀንስ ክዳኑ እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሆናል። ቀጭን ሾርባ ሲፈላ አረፋው ዝም ብሎ ይወጣል። ወፍራም ሽሮ ሲንተከተክ ግን አረፋው መውጫ ያጣል፣ ያብጣል፣ ከዚያ ጧ ብሎ ምድጃውን ያበላሻል፣ እጅም ያቃጥላል። ጋዙ ቀስ ብሎ ካመለጠ ላቫው ይፈሳል። ከታፈነ ዓለቱን አድቅቆ አመድ አድርጎ ይረጨዋል። ማግማው ውኃ ካገኘም እንዲሁ ይፈነዳል።

አይስላንድን አነሳሁ መሰለኝ። ኖቬምበር 10 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ግሪንዳቪክ በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ርዕደ መሬቱ ወደ ከተማዋ እየተጠጋ መጣ። ርዕደ መሬት የማግማ ኮቴ ነው፤ ጫፉ ዓለት በሰነጠቀ ቁጥር ይሰማል። 15 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዳይክ በሰዓታት ውስጥ ከስራቸው ገባ። ሕዝቡ በዚያው ሌሊት ወጣ። ላቫ የታየው ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ነው። ጥር ላይ የከተማዋ ዳር ተቀዶ ቤቶች ሲቃጠሉ ውስጣቸው ሰው አልነበረም። እኛ የእነሱ ያህል መሣሪያ እንደሌለን አውቃለሁ። ሳተላይቱ ግን የእኛንም መሬት ያያል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም አሉ፤ ስልካቸው የሚጮኸው መሬት ሲነቃነቅ ብቻ መሆኑ ነው የሚያሳዝነው።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ካርታ ስታወጡ ተራራው ላይ ቀይ ነጥብ አድርጋችሁ አትተዉት። መስመሩን ሳሉልን። ከየት ተነሳ፣ ወዴት ሄደ፣ በየትኛው ቀበሌ ስር አለፈ? መሬቱ የት ወረደ፣ የትስ አበጠ? ዝም ሲል ደግሞ ከወር በኋላ ደውላችሁ ጠይቁ። ዝም ማለቱ ራሱ ዜና ነው።

እህቴ አሁንም አንዳንድ ማታ ትደውላለች። «ይፈነዳል ወይ?» ማለቱን ትታዋለች። «አሁን ወዴት እየሄደ ነው አሉ?» ነው የምትለኝ። የምመልስላትን ነገር አንድ ቀን ከጋዜጣችሁ ባነብላት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር፣ ከአዳማ