ያላነበብከውን አትፈርም

ልጄ አቡሽ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። የእናትህ ጉልበት ብቻ ነው አልሻል ያለው።

ኮሎኔል በመሆንህ ደስታዬን በስልክ ነግሬሃለሁ። ይህን የምጽፈው ለሌላ ነው። እሑድ ለቅሶ ቤት አንተ ጋ የሚሠራ ልጅ አጋጠመኝ። የዶክትሪኑን፣ የሠራዊቱን የውጊያ መመሪያ፣ ረቂቅ ገልበጥ ገልበጥ አድርገህ እንደፈረምክበት አጫወተኝ። ልጄ፣ ያላነበብከውን አትፈርም።

ሌሊት ከበረንዳ የቱሉ ዲምቱን ክፍያ ጣቢያ አያለሁ። ከባድ መኪኖቹ ሲደረደሩ የፊተኛው ከቆመ የኋላው ሁሉ ይቆማል። ያኔ እንቅልፌ ይጠፋል።

ይህን ነግሬህ አላውቅም። በ1980 ዓ.ም. ታኅሣሥ አስመራ ሳለሁ አንድ መቶ አለቃ በእጁ የጻፈውን 11 ገጽ አመጣልኝ። «አይቼዋለሁ» ብዬ ፈረምኩና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ያነበብኩት አፋቤት ላይ በሻዕቢያ ከተሸነፍን በኋላ ነው። ኮንቮይ፣ ተከታትሎ የሚጓዝ የጦር መኪና ሰልፍ፣ በጠባብ በር ከማለፉ በፊት ግራና ቀኙ ከፍታ ይያዝ፣ የፊተኛው ከተመታ የኋላው መውጫ ያጣል ይላል። እኛ የምናስተምረው ለሰፊ ሜዳ የተጻፈውን የሶቪየቱን ዶክትሪን ነበር። መጋቢት ላይ አፋቤት የነበረው ጦራችን፣ የናደው ዕዝ፣ ሲወጣ ልክ እንደዚያው ሆነ፤ ከፊት ታንክ ተመታ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ የቀረው መሣሪያ በሻዕቢያ እጅ እንዳይገባ የራሳችን አውሮፕላን ደበደበው። ያ ወረቀት ያድነን ነበር አልልም። የዕዙ አዛዥ ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ከወር በፊት ተረሽነው ስለነበር ማንም ደፍሮ አይናገርም ነበር። የእኔ ግን ፍርሃት አይደለም፣ ስንፍና ነው። መቶ አለቃው የት እንደቀረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

የአንተ ፊርማ ካረፈበት በኋላ የትኛው ሻምበል ደፍሮ ያርመዋል? ረቂቁን ይዘህ ብርጌድ ድረስ ውረድ። በልምምድ ይፈተን። ስብሰባ ላይ መጀመሪያ ታናሹ መኮንን ይናገር፤ አንተ ቀድመህ ከተናገርክ ማን ይቃወምሃል? ዶክትሪኑ ሲጸድቅም ትእዛዝህን በራሱ በዶክትሪኑ ቃል ስጥ፤ አለቃው የማያነሳውን መጽሐፍ ወታደሩ አይገልጠውም።

ጋቢህን እናትህ አጥባዋለች፣ ሰው ላክና ውሰድ። የግፊት ኪኒንህን አታቋርጥ። ቅዳሜ ደውልላት፤ እኔን ተወኝ።

ያላነበብከውን አትፈርም አልኩህ። ሰኞ ጠዋት ረቂቁን መልሰህ ውሰድና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምር።

አባትህ