ለአብዱ፦ ታይዋን ገበያ ስላየኸው ኪንድል

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ይድረስ ለምናፍቅህ ወንድሜ አብዱ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እናትህስ፣ ልጆቹስ፣ ጀጎልስ እንዴት ነው? እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ስጽፍልህ ይህን ወረቀት በይቅርታ ልሞላው ነበር። ግን «አቦ፣ እሱን ተወውና ወደ ጉዳዩ ግባ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ይቅርታውን ስንገናኝ በቡና እከፍለዋለሁ።

መልእክትህ ደርሶኛል። ለማስተርስህ የታሪክ ንባብ ተቆልሎብሃል፤ እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ያገለገለ ኪንድል (የአማዞን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ) አይተህ ልቤ ተንጠልጥሏል ብለኸኛል። ዋጋውን ጻፍክልኝ እንጂ የትኛው ኪንድል እንደሆነ አልጻፍክም። ዋናው ነገር እሱ ነው። ላየው ሰው ሁሉም አንድ ይመስላል፣ ግን በመካከላቸው የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አለ።

የመጀመሪያው ኪንድል የወጣው በኅዳር 2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ ባለ 6 ኢንች፣ 4 የግራጫ ደረጃ ብቻ የሚያሳይ፣ ፒዲኤፍ ራሱ የማይከፍት። እሱን ከሆነ የያዝከው መልሰህ አስቀምጠው። ከዚያ በፊት በ2006 የወጣው የሶኒ ፒአርኤስ 500ም ዛሬ ለሙዚየም ነው። ኢሊያድ የሚባለው ባለ ብዕር ማንበቢያ በዘመኑ የተማረ ሰው ምኞት ነበር፣ ነገር ግን የሠራው ድርጅት በ2010 ከሰረ። ለጥናት ዛሬም የሚያዋጡ ከጥንቶቹ ሁለት ብቻ አሉ፦ በ2010 የወጣው ከሥር ፊደል መምቻ ያለው ባለ 6 ኢንቹ ሦስተኛው ኪንድል፣ እና በዚያው ዓመት የወጣው ጥቁሩ ኪንድል ዲኤክስ፣ ባለ 9.7 ኢንቹ። ሁለቱም ፐርል የሚባለው ስክሪን ስላላቸው ጽሑፋቸው ከቀደሙት ይጠቁራል። ሦስተኛው ሲወጣ ባለ ዋይፋዩ አዲሱ 139 ዶላር ነበር። ሻጩ ላገለገለው ከዚያ በላይ ከጠራ ስቀህ እለፈው።

አሁን ስለ ሻጮች አንድ ነገር ልንገርህ። ስክሪኑ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ፤ በየአንዳንዳቸው ነጭና ጥቁር ብናኝ በፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋል። ኤሌክትሪክ ሲመጣ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ይሄዳል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ባሉበት ይቀራሉ። ስለዚህ ባትሪው የሞተ፣ ቦርዱ የተቃጠለ ኪንድልም ላዩ ላይ ያማረ ሥዕል እንደያዘ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። «ይኸው፣ ይሠራል» ብሎ ሥዕል ያሳየህ ሰው ምንም አላሳየህም። ገጽ አስገልብጠው፣ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሃያ ጊዜ። አንድ ጥግ ላይ የድሮው ሥዕል አልለቅ ካለ ወይም ከዳር እስከ ዳር ቀጭን መስመር ካለ፣ ከላይ ፕላስቲኩ ደህና ቢመስልም ከሥሩ ያለው መስታወት ተሰንጥቋል፤ እሱን የሚጠግን የለም፣ ስክሪን መለወጡም ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። የፊተኛው ገጽ ጥላ ደብዘዝ ብሎ ቢቀር ግን አትደንግጥ፣ ያ የተፈጥሮው ነው። በነዚህ ፊደል መምቻ ባላቸው ላይ «ኦልት»ን ይዘህ «ጂ»ን ስትጫን ስክሪኑ ራሱን አጥቦ ይመለሳል። ከዚያም በኋላ የማይለቅ ነገር ካለ ብልሽት ነው።

ወደ ፋይሎችህ ልምጣ። ባለ 6 ኢንቹ ስክሪን ወርዱ 9 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 12 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ነው። ሙሉውን ገጽ እዚያ ውስጥ ስታስገባ በ12 የተጻፈ ፎንት ወደ 5 ይወርዳል፤ የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ እንዳለው ጽሑፍ። የገጹን ነጭ ጠርዝ ከግራና ቀኝ 2.5 ሴንቲሜትር ቆርጠህ ስክሪኑን ወደ ጎን ብታጋድመው 9 ይደርሳል፤ ይነበባል፣ ነገር ግን አንዱን ገጽ ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ትጫናለህ። ዲኤክሱ ላይ ጠርዙን ቆርጠህ ሙሉውን ገጽ ቀጥ አድርገህ ብታየው 10 ገደማ ይወጣልሃል። የታሪክ ተማሪ በመሆንህ፣ ፋይልህም አብዛኛው ፒዲኤፍ በመሆኑ፣ እኔ ወደ ዲኤክሱ የማጋድለው ለዚህ ነው። የሚከብድህ ኪሎው ነው፣ ከፍጥነትም ቀርፋፋ ነው።

በአማርኛ ሲሆን ነገሩ ይጠብቃል። ላቲኑ ቢደበዝዝም ዓይን ቃሉን በግምት ይሞላዋል። የእኛ ፊደል ግን በትንሽ ጭረት ነው የሚለያየው፤ ሉ ጭረቷ ወገቧ ላይ ናት፣ ሊ ደግሞ እግሯ ላይ። «ቡ» እና «ቢ»ም እንደዚያው። በ5 ፎንት አንድ ፊደል የሚያገኘው ቁመት 12 የስክሪን ነጥብ (ፒክስል) ገደማ ብቻ ነው፤ በዚያ ውስጥ ወገብና እግር ይቀላቀላሉ፣ «ሲ»ን «ሱ» ብለህ ታነባለህ። የድሮ አዋጅ ስታነብ ይህ ትርጉም ይቀይርብሃል።

ሌላም አለ። እነዚህ የድሮዎቹ ኪንድሎች የግዕዝ ፊደል አብሯቸው አልተሠራም። የአማርኛ መጽሐፍ ሞቢ ወደሚባለው የኪንድል ፋይል ዓይነት ቀይረህ ብትጭንበት ባዶ ሳጥን ተደርድሮ ታገኛለህ። ፒዲኤፍ ከሆነ ግን ፎንቱን ይዞ ስለሚመጣ በትክክል ይታያል። ከ1999 እ.ኤ.አ. በፊት ግዕዝ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት የፊደላት ኮድ) ስላልነበረ፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ስንት ጽሑፍ አለ። እነሱ ከውስጥ ላቲን ናቸው፤ ፎንቱ ነው ፊደል የሚያለብሳቸው። እንዲህ ያለ ፒዲኤፍ በዓይን ያምራል፤ ግን ቃል ብትፈልግበት አታገኝም፣ ወደ ሌላ ዓይነት ስትቀይረው ፎንቱ ይወልቅና የቁምፊ ዝባዝንኬ ይቀርሃል። ስለዚህ አማርኛውን መቀየር አያስፈልግህም፣ ማሳመር ብቻ ነው።

የዎርድ ፋይሉ በእጅህ ካለ መፍትሔው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የገጹን መጠን 9 በ12 ሴንቲሜትር አድርገው፣ ለዲኤክስ ከሆነ 14 በ20። ጠርዙን በአራቱም በኩል 0.3 ሴንቲሜትር አድርግ፣ ፎንቱን ኒያላ ወይም አቢሲኒካ 12፣ የመስመር ርቀቱን ነጠላ። ከዚያ ፒዲኤፍ ብለህ አስቀምጥ። ያንን ገጽ ኪንድሉ ሳያሳንስ ልክ በልኩ ነው የሚያሳይህ፣ ጥቁሩም ይጎላል። ሰፊ ሠንጠረዥ ካለበት ግን ይሰባበራል፣ እሱን ለብቻው አትመው።

ስካን የተደረጉት ያስቸግሩሃል። ስለ ሐረር የተጻፉት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የጉዞ መጻሕፍት በፈረንሳይኛም በእንግሊዝኛም በነፃ ይገኛሉ፤ ግን አንዱ ፋይል ከ100 ሜጋባይት በላይ ይሆናል፣ በቢጫ ወረቀቱ ቀለም ጭምር ስለተነሣ። ኪንድሉ ያንን ሲከፍት ይደነዝዛል። መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ቀለሙን አውጥተህ ግራጫ አድርገው፣ ከዚያ ብሪስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጠርዙን ቁረጥ። ብሪስ የግራና የቀኝ ገጾችን ለየብቻ ደርቦ ስለሚያሳይህ አንድ ሳጥን መሳል ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንድ ስህተት ይሠራል፦ ከላይ ያለውን የገጽ ቁጥር አብሮ ይቆርጠዋል። ቴሲስህ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ገጽ ስትጠቅስ ኪንድሉ «ገጽ 143» ሲልህ መጽሐፉ ላይ 121 ሊሆን ይችላል፤ መቅድሙና ባዶ ገጾቹ ተቆጥረዋላ። ሳጥኑን ስትስል ቁጥሯን ውስጥ አስገባት፣ ትንሽ ቦታ ብትበላም።

ሁለት ዓምድ ላለው የጆርናል ጽሑፍ ኬቱፒዲኤፍኦፕት (k2pdfopt) የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ዓምዶቹን ቆርጦ አንዱን ከሌላው ሥር ይደረድርልሃል። ለባለ 6 ኢንቹ ከሞት ያዳነ ማለት ይቻላል። ጉዳቱ፣ የግርጌ ማስታወሻው በሐሳቡ መካከል ድንገት ይገባብሃል፤ ካላስተካከልከውም የሚያወጣው ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል ስለሆነ መዝገበ ቃላትም ማስመርም አይሠራበትም። እኔ የምመክርህ ዋናውን ፋይል በላፕቶፕህ ላይ እንዳለ አስቀምጠህ፣ የተቆረጠውን ለንባብ ብቻ እንድትጠቀምበት ነው። የገዛኸው ወይም ካሊበር በሚባለው ፕሮግራም የቀየርከው መጽሐፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ በገጽ ቁጥር ምትክ «ሎኬሽን» የሚል ቁጥር ያሳይሃል። አማካሪህ ሎኬሽን 2214 ብለህ ጠቅሰህ ብታቀርብለት ምን እንደሚልህ አንተም ታውቃለህ። ያሰመርከውና የጻፍከው ሁሉ ግን በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ይጠራቀማል፤ ገመድ ሰክተህ ትገለብጠዋለህ። ይህ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ነው። በአማርኛ ማስታወሻ መጻፍ ግን አይቻልም፣ ደብተርህን አትጣል።

የማይሆንለትንም ልንገርህ። ካርታ አይሆንም። ቀለም የለውም፣ ማጉላቱም ያስለቅሳል። ከገጽ 40 ወደ ገጽ 310 ዘሎ ተመልሶ፣ ሁለት ምንጭ እያነጻጸሩ ማንበብም አይሆንም፤ ለአንዷ ዝላይ ስክሪኑ ጠቁሮ ነጥቶ እስኪመለስ ሐሳብህ ይጠፋል። እንዲህ ዓይነቱን ፎቶ ኮፒ አድርገው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተርታ የሚነበብ 300 ገጽ ሲሆን ነው ይህ ዕቃ ከወረቀትም ከስልክም የሚሻለው። በድሬ የቀትር ፀሐይ ደጅ ተቀምጠህ ስልክህ መስታወት ሲሆንብህ እሱ እንደ ጋዜጣ ይነበባል። ማታ ግን የራሱ መብራት የለውም! ሰዉ ሁሉ ያበራል ብሎ ያስባል። መብራት የተገጠመለት በ2012 ከወጣው ፔፐርዋይት ጀምሮ ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ለሳምንታት ቢቆይም ያለ ባትሪ መብራት ወይም ያለ ሻማ አይጠቅምህም።

ባትሪው እንግዲህ ዕድሜው ከ10 ዓመት አልፏል። ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ አሽከርክረው፤ እንደ እንዝርት ከዞረ ባትሪው አብጧል፣ አትንካው። መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ከሆነ ቻርጀር ሲሰካ ቶሎ ላይነቃ ይችላል፤ ጥቂት ሰዓት ሳይሰጡት ሞቷል አይባልም። ከነቃ በኋላ ከደረቀ የኃይል ማብሪያውን 20 ሰከንድ ያህል ይዘህ ልቀቀው። የሦስተኛው ኪንድል ባትሪ 1750 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው፤ የጀርባው ክዳን በቀጭን ፕላስቲክ ይፈለቀቃል፣ ባትሪው በትናንሽ ብሎኖች ነው የተያዘው፣ እጁ የለመደ የስልክ ጠጋኝ ይቀይረዋል። ከገዛኸው በኋላ በሐረር መንገድ ደንገጎን ስትወጣ ስትወርድ ሚኒባሱ መስታወት ሥር አታስቀምጠው። ሙቀት የሊትየም ባትሪን ዕድሜ ይበላል፣ የእኛ ቆላ ደግሞ አይምርም።

ከመክፈልህ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የማን አካውንት እንደተመዘገበበት እይ፣ ሻጩ ፊትህ ያጥፋው። ኢንተርኔቱን እርሳው፣ በገመድ ነው የምትሠራው፦ ኮምፒውተሩ እንደ ፍላሽ ያየዋል፣ «ዶክመንትስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ትገለብጣለህ፣ አለቀ።

የያዝከው ዲኤክስ ከሆነና ሃያውን ገጽ ካለፈ፣ ግዛው። ሦስተኛው ከሆነ የእንግሊዝኛ ንባብህ ብዙ ከሆነ ብቻ፣ ያውም በርካሽ። ከንባብህ ግማሹ አማርኛ ከሆነ ግን ትንሽ ታገሥና ያገለገለ ኮቦ (የሌላ ኩባንያ ማንበቢያ) ፈልግ፤ የራስህን የግዕዝ ፎንት «ፎንትስ» የሚል ፎልደር ፈጥረህ ስትጭንበት ይቀበላል፣ ሳጥን የሚባል ነገር አታይም።

ቅዳሜ ና፣ አብረን እናየዋለን። ከ6 ሰዓት በፊት ድረስ፤ ከዚያ በኋላ ድሬ እንደምታውቃት ናት፣ በሩም ሰውም ይዘጋል። ሦስት ፋይል በፍላሽ ይዘህ ና፦ አንድ የጆርናል ጽሑፍ፣ አንድ ትልቅ ስካን፣ አንድ የአማርኛ ፒዲኤፍ። ላፕቶፕ እኔ ጋ አለ። አንተ ማይክሮ ዩኤስቢ ገመድ አምጣ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርገውን እንዳታመጣ፣ ዳታ የሚያስተላልፈውን።

ወንድምህ