ዓይንሽ ከባሮሜትሩ አይለይ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሻንጣሽ ውስጥ የሸጎጠችውን በሶ እንዳትረሺው ብላለች። እውነቷን ነው። መርከብ ሲንገላታ ሆድ ሌላ ነገር አይቀበልም።

ይህን ስጽፍልሽ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። አንቺ ደግሞ በዚሁ በሐምሌ ከጅቡቲ ተነሥተሽ ወደ ሙምባይ ልትሄጂ ነው። ያን መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሼበታለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽን ልጻፍልሽ።

የኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ሳላችሁ ባሕሩ ረጋ ሊልልሽ ይችላል። እንዳትዘናጊ። የሶማሊያ ምድር ከለላ ሆኖሽ ነው። የሶማሊያን ጫፍ ራስ ጓርዳፉይን አልፋችሁ ሶኮትራ ደሴት አካባቢ ስትደርሱ ከለላው ያልቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም የደቡብ ምዕራቡ ሞንሱን፣ ያ ወቅቱን ጠብቆ የሚመጣው ነፋስ፣ እዚያ ጉልበቱን ያሳያል። 34 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስበት ቀን ብዙ ነው። 4 ሜትር የሚደርስ ማዕበልም ብርቅ አይደለም። ስትሄዱ ከኋላ እየመጣ መርከቡን ከጎን ወደ ጎን ያንከባልለዋል። ስትመለሱ ፊት ለፊት ትጋፈጡታላችሁ። ዴክ ላይ፣ ማለትም የመርከቡ የላይኛው ወለል ላይ፣ ያለው ነገር ሁሉ ከለላው ሳያልቅ በደንብ ይታሰር። ማዕበሉ ከጀመረ በኋላ ገመድ ልታጠብቂ ብትወጪ ራስሽን አደጋ ላይ ትጥያለሽ።

ያ ነፋስ ከደቡብ ተነሥቶ የምድር ወገብን ይሻገራል። በኬንያና በሶማሊያ ዳርቻ ሽቅብ ይነፍስና ወደ ሕንድ ይታጠፋል። የባሕሩን ጅረት ሳይቀር አቅጣጫውን ያስቀይረዋል። የኛም ክረምት የዚሁ ሥርዓት አካል ነው። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የማየው ዝናብና አንቺን የሚያንገላታሽ ማዕበል ዘመዳሞች ናቸው። ይህን ሳስብ ቅርብ ያለሽ ይመስለኛል።

ሞንሱኑን ግን ብዙም አልፈራልሽም። ቀኑን ጠብቆ የሚመጣ ነው፤ ተዘጋጅተሽ ትቀበይዋለሽ። የምፈራልሽ ሳይክሎኑን፣ እየተሽከረከረ የሚመጣውን ከባድ አውሎ ነፋስ ነው። በዓረቢያ ባሕር ላይ ሁለት ወቅት አለው። አንዱ ግንቦትና ሰኔ፣ ሌላው ጥቅምትና ኅዳር። መሀል ላይ ሞንሱኑ ሲበረታ ከላይና ከታች ያለው ነፋስ ስለማይስማማ ሳይክሎን እንደ ልቡ አይቆምም። ውልሽ ዘጠኝ ወር ነው፤ ጥቅምትን እዚያው ታሳልፊያለሽ። በፈረንጆቹ 2018 ግንቦት ላይ ሳጋር የሚባለው የኤደን ባሕረ ሰላጤን ዘልቆ ገብቶ ጅቡቲን በጎርፍ አጥለቀለቀ። ዝናቡ የኛ ሶማሌ ክልል ድረስ ደረሰ። ሳምንት ሳይሞላ ሜኩኑ የሚባለው ሌላ ሳይክሎን ሶኮትራንና የኦማኗን ሳላላን መታ። ስለዚህ ወደብ ቀርቦኛል ብለሽ ልብሽን አትጣይ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። በሐሩር ባሕር ላይ ባሮሜትር፣ ያ የአየር ግፊት መለኪያ፣ እንደ ሰዓት ነው። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከፍ ይላል። ከቀኑ 10 ሰዓትና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ዝቅ ይላል። ይህን ልማዱን ከተወ አንድ ነገር አለ። ለወቅቱ ከተለመደው በ3 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መስፈሪያ ነው) ከወረደ ተጠራጠሪ። በ5 ከወረደ ሳይክሎን አካባቢሽ አለ ብለሽ ያዢው።

እኔ እንዳንቺ ካዴት፣ ተለማማጅ የመርከብ መኮንን፣ ሳለሁ ከሙምባይ ወደ አሰብ ስንመለስ ግንቦት ነበር። ነፋስ የለም። ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። ግን ከደቡብ ረጅም፣ ዝግ ያለ ማዕበል እየመጣ መርከቡን ቀስ አድርጎ ያነሣዋል፣ ቀስ አድርጎ ያወርደዋል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ መርፌው መውጣት ነበረበት። አልወጣም። መስታወቱን በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። ይባስ ብሎ ወረደ። ካፒቴኑ ተኝቶ ነበር። መቀስቀሱን ፈራሁ። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም አልኩ። ካፒቴኑ ራሱ ተነሥቶ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ፤ ወዲያው አቅጣጫ ቀየርን። ሌሊቱን ጠርዙ ብቻ ነክቶን ሦስት ሰው ተጎዳ። አንደኛው እጁ ዳግመኛ አልታጠፈለትም። ያ ሁለት ሰዓት እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ዛሬ የሳተላይት ትንበያ አለ፣ የባሕር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ የሚቀበለው ናቭቴክስ አለ። ኒው ዴልሂ ያሉት የአየር ጠባይ ባለሙያዎች የሳይክሎን ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ። ሁሉንም አንብቢ። ግን ትንበያው እዚያ ቦታ ላይ ምን እንዳለ የሚያውቀው በግምት ነው፤ አንቺ ግን ቦታው ላይ ነሽ። ፊትሽን ወደ ነፋሱ አዙሪ። ከምድር ወገብ በሰሜን ከሆንሽ የሳይክሎኑ እምብርት በቀኝሽ ነው፣ በደቡብ ከሆንሽ በግራሽ። የባሮሜትሩን ንባብ በየሰዓቱ ጻፊ። ጥርጣሬ ከገባሽ ሌሊትም ይሁን፣ ቢቆጣም ይቆጣ፣ ካፒቴኑን ቀስቅሺ። አዲስ ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ ምን ይሉኛል አትበይ። ተሳስተሽ ብትገኚ አንድ ቁጣ ነው።

የድሮውን ደብተሬን ከሻንጣሽ ጎን ኪስ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ያ ግንቦትም አለበት። ሶኮትራን ስታልፉ፣ ኔትወርክ ስታገኚ፣ የጠዋቱን 4 ሰዓት ንባብ ላኪልኝ። እኔም እዚህ ስንት ሰዓት እንደዘነበ እጽፍልሻለሁ።

አባትሽ