ይድረስ ለቱሪዝም ሚኒስቴር፦ ታርማበር ላይ አንድ ሰሌዳ ትከሉልን

ጤና ይስጥልኝ። ልመናዬ ትንሽ ናት። ሎጅ ምናምን ሥሩልን አልልም። አንድ ሰሌዳ ብቻ፣ ታርማበር ላይ፣ ወይም እዚያው አካባቢ የምኒልክ መስኮት ጋ።

የደሴን መንገድ የሄደ ያውቀዋል። ከደብረ ብርሃን በኋላ ብርዱ፣ ጉሙ፣ የገብስ ማሳው። ከዚያ ጣሊያን የሸነቆረው ዋሻ ይመጣል፣ ከዋሻው ሲወጣ መሬቱ ከእግር ሥር ድንገት ይጠፋል። መኪናው እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ጋቢው ወልቆ ቀዝቃዛ ውኃ ፍለጋ ነው።

ልጅ ሆኜ አጠገቤ የተቀመጡትን አባት «ይሄን ገደል ማን ቆረጠው?» ብላቸው «ጎርፍ ነዋ!» አሉኝ። ለዓመታት አምኜ ኖርኩ። አባይ በረሃን ያየ ሰው እንዲያ ቢል አይፈረድበትም፤ እዚያ እውነትም ወንዙ ነው የቆፈረው። እዚህ ግን መሬቱ ራሱ ነው የሰመጠው። ስሙም እኮ ስምጥ ሸለቆ ነው፣ ስንቴ ጠርተነው ልብ አላልነውም።

የመሬት ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም፣ ፕሌት በሚባሉ ግዙፍ ንጣፎች የተከፋፈለ ነው። በእኛ በኩል የኑብያና የሶማሊያ ፕሌቶች እየተራራቁ ነው፤ አፋር ላይ የዓረቢያው ይጨመርና ሦስቱ ይገናኛሉ። ከሥር ትኩስ አለት ሽቅብ ይገፋል። ደጋችንን ከፍ ያደረገውም እሱ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ላቫ እየፈሰሰ፣ እየደረቀ፣ ደግሞ እየፈሰሰ እንደ መሶብ እንጀራ ተደራረበ፤ ገደሉ ላይ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የሚታየው ያ ነው። (የጂኦሎጂ ሰዎች አንዱን የባዛልት ክምር በታርማበር ስም እስከመጥራት ደርሰዋል፣ እኛ ግን ቆመን ሻይ እንጠጣበታለን።) ቅርፊቱ ሲለጠጥ ሳሳ፣ ተሰነጠቀ፣ መሃሉ በስንጥቁ እየተንሸራተተ ወረደ። ታርማበር ሳይወርድ የቀረው ጠርዝ ነው።

ዋናው ስምጥ ሸለቆ በዓመት የሚሰፋው 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ይሄን ማን ይቆጥረዋል ትሉ ይሆናል፣ በሚሊዮን ዓመት ግን 5 ኪሎ ሜትር ነው። ደግሞ ሁሌ ቀስ አይልም። መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ ቀልጦ የነበረ አለት ከሥር ገባና 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ተሰነጠቀ፤ በሳምንታት ውስጥ አንዳንዱ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተለያየ።

የ2017ቱን የፈንታሌ መንቀጥቀጥ ደግሞ ማንም አይረሳውም። እኔም ሌሊት በፒጃማ ከኮንዶሚኒየም ወርጃለሁ። ግቢው ውስጥ ከስምንተኛው ሺህ ጀምሮ ያልተባለ ነገር አልነበረም። ያን ሌሊት ያንቀጠቀጠን ታርማበርን ገደል ካደረገው የተለየ ነገር እንዳልሆነ የነገረን ግን አንድም ሰው የለም። ታርማበርን ግማሹ ጎረቤቴ በየዓመቱ ለበዓል ያልፍበታል።

ስለዚህ ሰሌዳው ብዙ አያውራ። ገደሉን ከጎን የሚያሳይ አንድ ሥዕል፣ የትኛው ወገን እንደወረደ የሚያመለክት ቀስት፣ አራት አምስት መስመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ። ለቱሪስቱ እንግሊዝኛውን ጨምሩበት።

አደራ፣ ከገደሉ ጫፍ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉት። ሰው ፎቶ ሲነሳ ወደኋላ መሄድ ይወዳል።