የወርቅ ጉድጓድ ሟቾች በሥራ ላይ እንደሞቱ ይመዝገቡ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

አገራችን በ2017 በጀት ዓመት ከ30 ቶን የሚበልጥ ወርቅ ለውጭ ገበያ አቅርባ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማግኘቷንና አብዛኛው ወርቅ በባሕላዊ አምራቾች እጅ የወጣ መሆኑን በደስታ አንብቤያለሁ። ይሁን እንጂ ያንን ወርቅ ሲያወጡ አፈር ተጭኗቸው የቀሩትን የሚቆጥር ዘገባ አላጋጠመኝም። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያስገደደኝም ባለፈው ግንቦት እኛው ዘንድ የደረሰ ሞት ነው።

ሟቹ የ19 ዓመት ወጣት ነበር። በኦሮሚያ ክልል ጉጂ ዞን ከምትገኘው ከሻኪሶ ከተማ ብዙም በማይርቅ ቦታ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በድርሻ ይቆፍር ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሲጥል የሰነበተው ዝናብ ባባራበት ማለዳ ወረዱ፤ ረፋዱ ላይ የጉድጓዱ አንደኛው ግድግዳ ተንዶ ሁለቱን ያዛቸው። አንደኛው እስከ ወገቡ ብቻ ስለተቀበረ ተረፈ። ሌላውን ለማውጣት ዶማው እንዳያገኘው ተፈርቶ አፈሩ የሚዛቀው በእጅና ወርቅ በሚያጥቡበት ገበታ ስለነበር፣ ሲደረስበት ቀኑ ተጋምሶ ነበር። እኔ በቦታው ስደርስ ግማሹ ከናዳው ጋር የወረደ፣ ግማሹ ዳር ዳሩ በድንጋይ እንደተያዘ ከላይ የቀረ ጥቁር ላስቲክ አየሁ። ምን እንደሆነ ብጠይቅ ከጓደኞቹ አንዱ «ትናንት መሬቱ ተሰንጥቆ ስላየን፣ ውኃ እንዳይገባበት ሸፍነነው ነበር» አለኝ።

በመንግሥት የወርቅ ሥራ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ስላገለገልሁ ይህ መልስ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል። ከጉድጓድ አፍ አጠገብ የሚታይ ስንጥቅ ግድግዳው ከመሬቱ መለየት መጀመሩን የሚያስታውቅ ስለሆነ፣ በላስቲክ ቢሸፈን አይድንም፤ መፍትሔው ሰው እንዳይወርድ ከልክሎ የተሰነጠቀውን አፈር ከላይ ቆርጦ ማንሳት ነው። በእኛ አካባቢ ደለል ወርቅ የሚገኘው ከወፍራም ቀይ አፈር ሥር ባለው የጠጠር ንጣፍ ውስጥ በመሆኑ፣ ቆፋሪው እንደ ውኃ ጉድጓድ ቀጥ ብሎ ይወርድና ጠጠሩን ሲያገኝ እሱን ተከትሎ ወደ ጎን ይገባል፤ በላዩ ያለው አፈር ግን የሚደግፈው እንጨት የለውም። የወጣውን አፈር አርቆ መድፋት ስለሚያደክም እዚያው አፉ ላይ ይከምረዋል፤ ዝናብ ሲጠግብ ክምሩም ግድግዳውም ይከብዳሉ። አፈሩን አርቆ መድፋት፣ ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ በመቁረጥ ፈንታ በደረጃ ማውረድ፣ ወደ ጎን ሲገባ በእንጨት መደገፍ፣ ከላይ አንድ ሰው ማቆም፣ ዝናብ ሲያባራ ወዲያው አለመውረድ፤ ይህ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚያስተምርና የሚቆጣጠር ሰው ግን ይጠይቃል።

በለቅሶው ላይ «ቀኑ ደርሶ ነው» ሲባል ሰማሁ። ሐዘንተኛ መጽናኛ መፈለጉን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ስንጥቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቶ ነበር። ፖሊስ መጥቶ አደጋ መሆኑን መዘገበ፤ እድሩ ቀበረው፤ ከሥራ ደኅንነት በኩል የመጣ አንድም ሰው አልነበረም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሞተ ሠራተኛ ቤተሰብ ካሳ ይደነግጋል፤ በድርሻ የሚቆፍር ወጣት ግን ቅጥር ስለሌለው አዋጁ አልፎት ይሄዳል። ለጉድጓዱ ስንቅና ገመድ አቅርቦ ከሚወጣው ወርቅ ድርሻውን የሚወስድ ባለገንዘብ እያለ ኃላፊነቱን የሚሸከም የለም መባሉን ልቀበለው አልችልም።

ሻኪሶ የምትገኝበት የአዶላ ምድር ወርቅ መስጠት ከጀመረ 80 ዓመት አልፎታል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን እስረኞች ሳይቀሩ በወታደር ጥበቃ ሥር ይቆፍሩ ነበር። ዛሬ ቆፋሪው በፈቃዱ ይወርዳል፤ የመሬቱ አደጋ ግን ያው ነው። በሌሎችም ማዕድናት እንዲሁ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ደላንታ ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ የሚያወጡ ወጣቶች ዋሻ ተደርምሶባቸው አገር ሁሉ ሲጨነቅ ነበር። መንግሥት ከፈለገ መስማት እንደሚችልም እናውቃለን፤ በ2010 ዓ.ም. ሕዝቡ ስለ ጤናው ሲጮህ እዚሁ አጠገባችን ያለው የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ማውጫ ፈቃዱ ታግዷል።

ስለዚህ ማዕድን ሚኒስቴርንና የክልሉን ማዕድን ባለሥልጣናት የምጠይቀው ይህን ነው፦ በጉድጓድ የሞተ ሰው ሁሉ፣ አሠሪ ኖረውም አልኖረው፣ በሥራ ላይ እንደሞተ ይመዝገብ፤ የሞቱም ምክንያት በባለሙያ ይመርመር። ወርቅ ሲገዛ ሚዛኑ የግራም ክፍልፋይ ሳያልፍ ይለካል፤ እንዲሁ ሁሉ ወርቁ የወጣበት ጉድጓድ በባለሙያ የታየ መሆኑ ይጠየቅ። ከሽያጩም ጥቂት እየተቀነሰ ለሟች ቤተሰብና ለተጎጂዎች መርጃ ይዋል። ቆፋሪዎቹ ይህን እንደሚቀበሉ አነጋግሬያቸው አረጋግጫለሁ።

የመስከረሙ ዝናብ ሩቅ አይደለም። ይህን በምጽፍበት ሳምንት ልጁ ከሞተበት ስፍራ ስምንት እርምጃ ያህል ርቆ አዲስ ጉድጓድ ተጀምሯል፤ የሚወጣው አፈርም አፉ ላይ እየተከመረ ነው። የሚመለከተው ባለሙያ ቢመጣ ቦታውን ራሴ እመራዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የማዕድን ሠራተኛ፣ ከሻኪሶ