ግልጽ ደብዳቤ፦ አጎቴ የሞተበትን ቀን ንገሩን

ለመከላከያ ሚኒስቴር

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ ነው። ጉዳዬ የአጎቴ ነው፤ የእሱ ብቻ ግን አይደለም።

አጎቴ ገበሬ ነበር። በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ከገበሬ ማህበራችን ከተመለመሉት ጎረምሶች አንዱ ሆነ። ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብቶ ጥቂት ወራት ሰለጠነ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ። ማዕረግ የለው፣ ሜዳሊያ የለው። ጠመንጃውን ተሸክሞ በእግሩ የሚሄድ ሚሊሺያ ነው። ያኔ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ይዞ ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ነበር፣ በ1970 መባቻ ደግሞ ጅጅጋም ተያዘች። የካቲት 26 ቀን 1970 በካራማራ ድል ጅጅጋ መልሳ ነጻ ወጣች። አጎቴ ያችን ቀን ይያት አይያት አናውቅም።

ከጎረቤት ቀበሌ የዘመተ አንድ ሰው እግሩን ተመትቶ ሲመለስ፣ «ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ከባቢሌ ወዲያ ነው፣ ኮዳውን አቀብሎኝ ጠጣሁና አለፈ» ብሎ ነገረን። ያለን ወሬ ይኸው ነው።

መርዶው የመጣው በገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር በኩል ነው። እንደ ወጉ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ። ሞቷል አሉ። የት? መቼ? የተነገረ ነገር የለም። አስከሬን ስለሌለ በርኖሱን ለቅሶው መሃል አኖሩትና እሱን እያዩ ተለቀሰ። አያቴን ከሁሉም የቸገራት ግን ሌላ ነው። አርባው ከየትኛው ቀን ይቆጠር? ሙት ዓመቱስ? ቄሶቹ መርዶው ከተነገረሽ ቀን ቁጠሪ አሏት፤ ቆጠረች፣ ተዝካሩንም አወጣች፣ ግን እስክታርፍ ድረስ በየዓመቱ ያ ቀን በመጣ ቁጥር «ዛሬ አይደለም እኮ ልጄ የሞተው» እያለች ነው የኖረችው።

ሰው አልተዋትም፣ ይህን መናገር አለብኝ። የዘማች ቤተሰብ ናት ተብሎ ማሳዋን ማህበሩ በወረፋ ያርስላት ነበር። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ማን ከየትኛው ቤት እንደዘመተ ያኔ ይታወቅ ነበር ማለት ነው፤ ካልታወቀ የእርሻ ወረፋ እንዴት ይወጣል?

ኮሪያ ዘምተው የወደቁት የቃኘው ሻለቃ ልጆች ስም ቡሳን ከተማ፣ የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ውስጥ በድንጋይ ላይ ተቀርጿል። የሰው አገር ሰው የእኛን ወታደር በስሙ ያውቀዋል። ታዲያ እዚሁ ባቢሌ የወደቀውን እኛ በስሙ ማወቅ እንዴት ያቅተናል? አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ አጠገብ ባለው የትግላችን ሐውልት የካራማራ በዓል ሲከበር ሳይ ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው። ግን የመንዝ፣ የመርሐቤቴ፣ የተጉለት እናት እዚያ ሄዳ የልጇን ስም በጣቷ አትነካም።

የምንጠይቃችሁ የገንዘብ ነገር አይደለም። የዚያን ዘመን መዝገብ ለቤተሰብ ክፈቱልን። የሞተበት ቀንና ቦታ የተጻፈለት ካለ ይነገረን፣ ባይጻፍም የክፍሉ ስም ከታወቀ የት የት እንደተዋጋ መገመት ይቻላል። የጎደለውን አብረው የዘመቱት ይሞሉታል፤ ግን ቶሎ በሉ፣ የያኔው የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ዛሬ ከሰባ አልፏል። ከዚያ ስማቸው በየወረዳቸው ይጻፍ፣ ሰው ገበያ ሲመጣ የሚያየው ቦታ ላይ። ናቅፋና ባድመ የቀሩትም እንዲሁ።

ታላቅ እህቱ አሁንም በሕይወት አሉ። ቀኑ ከታወቀ ፍታቱን በቀኑ ላስደርግለት ይላሉ። እኛም በየቤቱ ዞረን የዘማቾቹን ስም ለማሰባሰብ ዝግጁ ነን፤ እናንተ የትኛው ቢሮ ምን ይዘን እንምጣ የሚለውን ብቻ አሳውቁን። ደብዳቤም መታወቂያም በእጃችን የለም። ያለን ስሙ፣ የአባቱ ስምና የዘመተበት ገበሬ ማህበር ነው።