በረራ ሲዘገይ የመንገደኛው መብት በግልጽ ይጻፍ፦ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከጎጃም፣ ከዳንግላ ነው። የምጠይቀውም አንድ ነገር ነው፤ በአገር ውስጥ በረራ ላይ መዘግየት ወይም መሰረዝ ሲያጋጥም አየር መንገድ ለመንገደኛው ሊያደርግለት የሚገባው ሁሉ በሰዓትና በብር ተለክቶ በመመሪያ እንዲቀመጥ፣ መመሪያውም መንገደኛው በሚያነበው ቋንቋ በየአውሮፕላን ማረፊያው እንዲለጠፍ እለምናለሁ።

ከእኛ አካባቢ አውሮፕላን የሚሳፈረው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሜ ላስረዳ። ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከእንጅባራ ወይም ከሞጣ የሚነሳ መንገደኛ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ ብቻ ብዙ ሰዓት በመኪና ይጓዛል፤ ከዳንግላ እንኳ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ያለው በረራ አንድ ሰዓት ያህል ቢሆንም፣ በየብስ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ የሚደረስበት መንገድ ነው፤ መንገዱ አስተማማኝ በማይሆንበት ጊዜ ደግሞ አውሮፕላኑ ብቸኛው አማራጭ ይሆናል። ስለዚህ የሚበረው ባለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ከባሕር ዳር ሆስፒታሎች ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር የተጻፈለት በሽተኛ አለ፤ ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ ትኬት የገዛለት ነው። የኤምባሲ ቀጠሮ ያለው ወጣት፣ በዚያው ምሽት ከቦሌ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ዱባይ የምትሳፈር እህት፣ ለችሎት የሚቸኩል ባለጉዳይ አለ። ለእነዚህ ሰዎች የአራት ሰዓት መዘግየት የሚያስከትለው ኪሳራ በትኬቱ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ጋር አይመጣጠንም።

ባለፈው ክረምት በአንድ የአገር ውስጥ አውሮፕላን ማረፊያ ከእንዲህ ዓይነት መንገደኞች ጋር ተቀምጬ ነበር። በረራው ዘገየ፤ ከዚያም እንደገና ዘገየ። አጠገቤ የነበሩ የስኳር ሕመም ያለባቸው እናት መድኃኒታቸውን ወስደው የሚበላ ነገር ይፈልጉ ነበር፤ ልጃቸውም ማንን መጠየቅ እንዳለበት አላወቀም። እኔም አላወቅሁም። በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ ትሑት ነበረች፤ ነገር ግን ምን እንድትሰጥ እንደተፈቀደላት እርሷም የምታውቅ አትመስልም ነበር። መንገደኞች እንጀራና ቆሎ ተካፍለው እኚያን እናት አበሏቸው። ሕዝባችን እንዲህ ያለ ደግነት ስላለው እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይሁን እንጂ ትኬት ሽጦ የወሰደ ድርጅት ሊያደርገው የሚገባውን ተግባር የመንገደኛው ስንቅ ሊሸፍነው አይገባም።

የላውንጅ፣ ማለትም በአውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ለተመረጡ መንገደኞች የተለየ የመቆያ አዳራሽ፣ ጉዳይ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የአገራችን አየር መንገድ በቦሌ ያሉት የክላውድ ናይን ማረፊያዎች ቡና በባህላችን ተፈልቶ የሚቀርብባቸው፣ ምግብና ምቹ መቀመጫ ያለባቸው ስፍራዎች ናቸው፤ እንግዳ የሚኮራባቸው ናቸው፣ እኔም እኮራባቸዋለሁ። የሚገባባቸው የቢዝነስ መንገደኛ፣ ሼባማይልስ በተባለው የአየር መንገዱ የደንበኞች ፕሮግራም ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ደንበኛ፣ ወይም የስታር አሊያንስ፣ ማለትም የዓለም አቀፍ አየር መንገዶች ጥምረት፣ ጎልድ ካርድ የያዘ ሰው ነው። ኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 የስታር አሊያንስ አባል ከሆነ ወዲህ የጎልድ ካርድ ያለው መንገደኛ በኢኮኖሚ ትኬት ቢጓዝ እንኳ አንድ እንግዳ ይዞ ሊገባ ይችላል። ይህ የንግድ ጥቅም ነው፤ ከፍሎ ወይም ብዙ በርሮ ያገኘው ሰው ቢደሰትበት የሚነቀፍበት ምክንያት የለም፤ ማንም ይህን እንዲነጥቁት አልጠይቅም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በረራ በሰዓቱ ሲነሳ ላውንጅ ምቾት ነው፤ ያለ እርሱም ሰው ይጓዛል። በረራ አምስት ሰዓት ሲዘገይ ግን ውሃ፣ ምግብ፣ ስልክና ማረፊያ ለማንም ሰው አስፈላጊ ይሆናሉ። በዚያ ሰዓት እነዚህን የሚያገኘው ካርድ ያለው ብቻ ከሆነ፣ ለንግድ የተፈጠረው ልዩነት ወደ ሰው ጤንነትና ክብር ገባ ማለት ነው። ባለካርዱ ወትሮም የሚደርስለት አለ፤ የደንበኞች አገልግሎት ስሙን ያውቀዋል፣ በቀጣዩ በረራም መቀመጫ ይፈለግለታል። ሕግ የሚያስፈልገው ካርድ ለሌለው ነው።

ክቡር ሆይ፣ በዓለም ላይ ያለውን አሠራር መሥሪያ ቤትዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃል፤ ቢሆንም ደብዳቤው ግልጽ በመሆኑ ለአንባቢዎቼ ጭምር ላንሣው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2005 ጀምሮ ይሠራል። ከ1,500 ኪሎ ሜትር ለማይበልጥ በረራ ከ2 ሰዓት መዘግየት በኋላ ምግብና መጠጥ እንዲሁም ሁለት የስልክ ጥሪዎች በነፃ ይሰጣሉ፤ በረራው ወደ ማግስቱ ከተሻገረ ሆቴልና ወደ ሆቴሉ የሚያደርስ መኪና ይቀርባል፤ መዘግየቱ 5 ሰዓት ከደረሰ መንገደኛው ጉዞውን ትቶ ገንዘቡን ሊያስመልስ ይችላል። የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 በሰጠው ውሳኔ መሠረት መድረሻው ላይ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ የደረሰ መንገደኛ እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ካሳ ይጠይቃል።

ይህ ደንብ ከኅብረቱ አገሮች የሚነሳውን በረራ ሁሉ፣ የአየር መንገዱ ዜግነት ሳይጠየቅ፣ ይሸፍናል። ስለዚህ ከፍራንክፈርት ተነሥቶ በአገራችን አየር መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ የጎጃም ልጅ በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት በዚያው አውሮፕላን ሲመለስ ግን አየር መንገዱ የኅብረቱ ስላልሆነ ደንቡ አይከተለውም። ያው ሰው፣ ያው አውሮፕላን፣ ያው ሠራተኛ፤ የመንገደኛው መብት ግን በአቅጣጫው ይለያያል። የባዕድ አገር ሕግ የሚሰጠውን ጥበቃ የራሳችን ሕግ በራሳችን ምድር ላይ እንዲሰጠን መመኘት ከልክ ያለፈ ጥያቄ አይመስለኝም።

የሞንትሪያል ስምምነት አለ የሚል መልስ ሊሰጠኝ ይችላል። አለ፤ ትልቅ ነገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈረመው ይህ ስምምነት በአንቀጽ 19 አጓጓዡን በመዘግየት ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ የኃላፊነቱም ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 6,303 ኤስዲአር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሚጠቀምበት የሒሳብ መለኪያ) ሆኗል። ነገር ግን ስምምነቱ የሚገዛው ዓለም አቀፍ ጉዞን ነው፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ብቻ የቆረጠ ሰው አይገባበትም። ከዚህም በላይ ተጎጂው ጉዳቱን በማስረጃ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። በሽተኛ ይዞ የመጣ ገበሬ ያመለጠውን የሐኪም ቀጠሮ በገንዘብ አስልቶ፣ ደረሰኝ ሰብስቦ፣ ጠበቃ ቀጥሮ ፍርድ ቤት እንዲቆም መጠበቅ መብቱን በወረቀት ላይ ብቻ ማስቀረት ነው። ለትናንሽ ጉዳቶች የሚበጀው ክርክር የማያስፈልገው፣ አስቀድሞ የተለካ ካሳ ነው።

አየር መንገዶች የሚያነሡትም መከራከሪያ ችላ የሚባል አይደለም። ክረምት ሲገባ ደመናና ጉም አውሮፕላን ያስቀራሉ፤ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስፍራ ላይ ነው፤ ጠዋት አንድ አውሮፕላን ከዘገየ ያው አውሮፕላን ቀኑን ሙሉ የሚሠራቸው በረራዎች ተከታትለው ይዘገያሉ። የደኅንነት ነገር ከሁሉ ይቀድማል፤ አብራሪው አልነሳም ሲል ማንም ሊያስቸኩለው አይገባም። እዚህ ላይ ግን ካሳና እንክብካቤ ተለይተው መታየት አለባቸው። በአውሮፓ ሕግ አየር መንገዱ ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ሲዘገይ ካሳ አይከፍልም፤ መንገደኛውን ከመመገብና ከማሳደር ግን ነፃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን ሰማይ በዘጋ ጊዜ እንኳ ይህ ግዴታ እንዳልተቋረጠ ፍርድ ቤቱ በ2013 ወስኗል። በአንጻሩ በመደበኛ ሥራ ውስጥ የሚያጋጥም የቴክኒክ ብልሽት ከካሳ የሚያድን ምክንያት እንዳልሆነ ከዚያ ቀደም፣ በ2008፣ ተፈርዷል። ለእኛም የሚስማማው መለኪያ ይህ ይመስለኛል፤ የጉሙ ካሳ አይከፈልበትም፣ እኚያ የስኳር ሕመምተኛ እናት ግን ጉም ቢሆንም ባይሆንም ምሳቸውን ማግኘት አለባቸው።

የካሳው መጠን ትኬቱን ያስወድዳል የሚለው ስጋት ደግሞ በአለካኩ ሊቃለል ይችላል። የአውሮፓን ቁጥር ገልብጠን ብናመጣው ለአንድ ሰዓት በረራ ከትኬቱ ዋጋ የበለጠ ካሳ እንጠይቅ ይሆናል፤ ይህን አልመክርም። የሕንድ አሠራር ለእኛ ይቀርባል። በዚያ አገር ደንብ መሠረት እስከ አንድ ሰዓት የሚፈጅ በረራ በቂ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ሲሰረዝ የሚከፈለው ካሳ 5,000 ሩፒ ወይም የአንድ ጉዞ መነሻ ዋጋ ከነዳጅ ክፍያው ጋር ተደምሮ፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። ይህም ገንዘቡ ከመመለሱ በተጨማሪ ነው። እንዲህ ከሆነ ካሳው ከትኬቱ ዋጋ አያልፍም፤ አየር መንገዱንም አያናጋም። ለመዘግየትም ከትኬቱ ዋጋ ላይ በመቶኛ ቢወሰን ሕዝቡም ድርጅቱም አስቀድመው ሊያሰሉት ይችላሉ።

ለዚህ ሁሉ መነሻ የሚሆን አፍሪካዊ መሠረትም አለን። የአፍሪካ የጋራ የአየር ትራንስፖርት ገበያ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 በዚሁ በአዲስ አበባ ሲመሠረት አገራችን ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች፤ ገበያው የቆመበት፣ የአፍሪካ አገሮች ሰማያቸውን እርስ በርስ ለመክፈት የተስማሙበት የያሙሱክሮ ውሳኔም ስለ አየር መንገደኞች ጥበቃ የተዘጋጀ ደንብ አለው። ሰማያችንን ለመክፈት ከፊተኞቹ የተሰለፍን ሰዎች መንገደኛን በመጠበቅም ወደ ኋላ ልንቀር አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገ አየር መንገድ ያላት አገር ለዚህ አቅም አታጣም።

መመሪያው ሲወጣ እንዳይዘነጋ የምፈልገው ከገንዘቡ ይልቅ መረጃው ነው። ከመዘግየቱ የባሰ የሚያስመርረው ምንም ሳይነገር መቀመጥ ነውና፣ ምክንያቱና አዲሱ የመነሻ ሰዓት በታወቀ ልዩነት፣ ለምሳሌ በየግማሽ ሰዓቱ፣ በድምፅ ማጉያ በአማርኛ እንዲነገር፣ በስልክ የጽሑፍ መልእክትም እንዲላክ ይደረግ። የሰዓት አቆጣጠሩ የኢትዮጵያ ይሁን የውጭ በግልጽ ይነገር፤ በዚህ የተነሳ በረራ ያመለጣቸው ሰዎች አሉ። በየማረፊያው፣ በባሕር ዳርም ቢሆን፣ አቤቱታ ተቀብሎ ቁጥር የሚሰጥ አንድ ኃላፊ ይኑር፤ መልስ የሚሰጥበትም ቀን ይወሰን። ከመቀመጫው ቁጥር በላይ ትኬት በመሸጡ ቦታ አጥቶ የሚቀር መንገደኛም እንዲሁ በመመሪያው ይካተት። በሽተኞች፣ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት የያዙ እናቶች ደግሞ ሰዓቱ ሳይሞላ ቅድሚያ ያግኙ፤ ባዶ የሚውል የላውንጅ መቀመጫ ካለ በመዘግየት ጊዜ ለእነርሱ መክፈት አየር መንገዱን ብዙ አያከስረውም።

ረቂቁ ሲዘጋጅ አዲስ አበባ ላይ ብቻ ተመክሮበት እንዳይጸድቅ፣ ባሕር ዳርም የሕዝብ ውይይት እንዲደረግበት በትሕትና እጠይቃለሁ። ጥሪው ከደረሰን ከዳንግላና ከአካባቢው የምንመጣ መንገደኞች እንገኛለን፤ በሽተኛ ያመላለሱ፣ ልጆቻቸውን ወደ ዐረብ አገር የሸኙ፣ ለሥራ በየጊዜው የሚበሩ ሰዎች ያዩትን ራሳቸው ይናገራሉ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
አንድ የአገር ውስጥ በረራ መንገደኛ
ዳንግላ፣ ጎጃም